በሰፊዋ ዋርካ ሥር

ናፊሳ ለጥገና የሚመጣላትን ልብስ ሁሉ መርፌ ከማስነካቷ በፊት ትገለብጠዋለች። የቀኝ አውራ ጣቷን ጥፍር ስፌቱ ውስጥ ታስገባና ከብብት ጀምራ እስከ ጫፍ ቀስ እያለች ታስኬደዋለች። ከዚያ ጥፍሯን ታያለች። አንዳንዴ ብናኝ ይገኝበታል፤ የሠርግ ልብስ ከሆነ ደግሞ የተሰበረ ዶቃ። አብዛኛውን ጊዜ ምንም የለም። ቢሆንም ጥፍሯን ወደ ከንፈሯ አስጠግታ ነካ ታደርገዋለች፤ ከዚያ ማሽኗን ታስነሳለች።

አብራት የምትሠራው ፊሊፒናዊት «ናፊሳ ወርቅ ትፈልጋለች» እያለች በተሰባበረ ዓረብኛ ትስቅባታለች። እኔም ልብስ ላስጠግን የሄድኩ አንድ ቀን ምን እንደምትፈልግ ጠይቄያት ነበር።

«አቧራ ነው» አለችኝ። «የሰው ልብስ አቧራ አያጣም።»

የምትሠራበት መሽገል፣ የሴቶች ውበትና ስፌት ቤት፣ ሪያድ ፉጣ ሰፈር ውስጥ ነው። ከፊት ፀጉር ይሠራል፣ ሂና ይቀባል፤ ከመጋረጃው ጀርባ ናፊሳና የስፌት ማሽኗ አሉ። መስታወቱ ሁሉ ወረቀት ስለተለጠፈበት ቀን ይሁን ማታ አይታወቅም። የፀጉር ማለስለሻው ሽታ፣ የተቃጠለው ፀጉር ሽታ፣ የጎረቤቱ ምግብ ቤት ዘይት ሽታ በአንድነት ያፍናሉ። ናፊሳ ግን ወደዚህ ቤት የገባችበትን ቀን ታመሰግናለች።

ከዚያ በፊት የቤት ሠራተኛ ነበረች። ስለ መጀመሪያ ቤቷ ስትናገር ስለ ድካሙ ወይም ስለ ስድቡ አታነሳም። የምታነሳው ሩዙን ነው። ዓርብ ዓርብ ሙሉ በግ የተጋደመበት ትሪ ሩዝ ይቀርባል፤ እንግዶቹ ከዳር ከዳሩ ቆንጥረው ይነሳሉ፤ የተረፈውን በጥቁር ላስቲክ አጭቃ ወደ ቆሻሻ የምትወስደው እሷ ናት። ላስቲኩ ይሞቃል። «ሕፃን ልጅ ያቀፍኩ ነበር የሚመስለኝ» አለችኝ። «አስቀምጬው ስመለስ ያስመልሰኛል። እመቤቲቱ እርጉዝ ነሽ ወይ ብላ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ።»

ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው ሁሉ ከየመንገዱ እየታፈሰ ወደ አገሩ በተመለሰበት በዚያ በ2006 ዓመተ ምሕረት ኅዳር፣ የመሽገሉ ባለቤት እሙ ሱልጧን ከፊል፣ ማለት ዋስ አሠሪ፣ ሆና ወረቀቷን አስተካከለችላት። ያዳናት እጇ ነው። እጇን ያስተማረቻት ደግሞ እናቷ።

ወሎ፣ ሐይቁ ዳር፣ ገበያው ከሚቆምበት ሜዳ ራስ ላይ አንድ ዋርካ አለ። የናፊሳ እናት ዘሀራ በገበያ ቀን የስፌት መኪናዋን በራሷ ተሸክማ ወጥታ እዚያ ጥላ ሥር ትቀመጥ ነበር። በዚያ አካባቢ ከዚያ በፊት ሴት መኪና ላይ ተቀምጣ ስትሰፋ ያየ ሰው አልነበረም። ወንዶች ሰፊዎች ከገበያው ሌላ ጫፍ ሆነው ይስቁባት ነበር ይባላል። ሰዉ ግን ቀስ በቀስ ቀጠሮውን በእሷ ማድረግ ጀመረ፤ «በሰፊዋ ዋርካ ሥር ጠብቂኝ»፣ «አህያዋን ከሰፊዋ ዋርካ ሥር እሰራት»። ዛፉ የዘሀራ ሆኖ ቀረ።

ሰባ ሰባት መጣ። ዘሀራ መኪናዋን በእህል ለወጠች፤ እህሉም አለቀ። ከተራራው ላይ የወረደው ሰው ወደ እርዳታው ጣቢያ ሳይደርስ በሐይቁ ዳር ሲቀር፣ የሚሸፈንበት ጨርቅ አልነበረም። ዘሀራ ባዶውን የስንዴ ጆንያ ከጣቢያው እየለመነች፣ ስፌቱን እየፈታች፣ በጆንያ መርፌ እየገጣጠመች ለእስላሙ ከፈን፣ ለክርስቲያኑ መግነዝ ሰፋች። ክሩን ግን አትቆርጠውም ነበር። ሰፍታ ስትጨርስ ጣት የሚያህል ክር ተንጠልጥሎ ይቀራል። ለምን እንደማትቆርጠው ሲጠይቋት «የሚቆረጠው ሥራ ሲያልቅ ነው» ትላለች። «መች አለቀ?»

ይህን ሁሉ የሰማሁት ከናፊሳ ነው፣ ቀስ እያለች ስትነግረኝ፣ የእናቴን ቀሚስ በልኬ ስታጠብብልኝ። የጠየቅኋት ደግሞ በሰሌዳው ምክንያት ነው።

በ2007 ሪያድ ያሉ የሐይቅ ዳር ተወላጆች ማኅበር አቋቁመው በወረዳቸው ታሪካዊ ቦታዎች ላይ የነሐስ ሰሌዳ ለማቆም ተነሡ። ገዳሙ፣ አሮጌው መስጊድ፣ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት፣ የታንኳ መነሻው፣ ዋርካው። ሐሳቡ ደስ የሚል ነበር። አባቴ የዚያ አገር ሰው ነውና እኔም «አማርኛ ተምራለች» ተብዬ የሰሌዳውን ጽሑፍ እንዳቃና ተጠራሁ።

የመጡልኝን ረቂቆች ሳነብ ግን አንገሸገሸኝ። በገዳሙ ሰሌዳ ላይ የገዳሙ ዕድሜ በአንዲት መስመር፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር የሐጂ አህመዲን ስም ከነማዕረጉ በሁለት መስመር። በመስጊዱም እንዲሁ። በታንኳ መነሻው ላይ «ሐጂ አህመዲን በልጅነታቸው ዋና የለመዱበት ታሪካዊ ሥፍራ» ይላል። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሐጂ አህመዲን ባጥሐ ሰፈር የካርጎ ቢሮ አላቸው፤ ሰሌዳዎቹን ወደ አገር ቤት በነጻ የሚጭኑት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ቀልድ አልነበረም።

የዋርካውን ረቂቅ ያስጻፈችው ናፊሳ ነበረች። አጭር ነው። «የሰፊዋ ዋርካ። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ዘሀራ ሰፊዋ ለሞቱት ሁሉ ከፈንና መግነዝ የሰፋችበት።» ላርመው ብዕሬን አንስቼ የምነካው አጣሁ።

ስብሰባው ባጥሐ፣ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ፎቅ ላይ፣ ዓርብ ከሰዓት ነበር። ክረምቱ አልፎ የ2008 መስከረም ገብቷል፤ ከአገር ቤት የሚደወለው ስልክ ሁሉ ዝናቡ ቀረ፣ ማሳው ደረቀ የሚል ነው። እኛ ሴቶቹ ከመጋረጃ ወዲህ ተቀምጠናል። መጋረጃው ከመሐል ተቀድዶ በመርፌ ቁልፍ ተያይዟል፤ በቀዳዳው የወንዶቹ ጠረጴዛ ይታያል። ገና ምሳው አልተነሣም። ቅባት የጠገበ ሩዝ፣ የተጋጠ አጥንት፣ አጥንቱ ላይ ዝንብ። ሐጂ አህመዲን በአንድ እጃቸው ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ በአንድ እጃቸው ማይክራፎን ይዘዋል፤ በጎረጎሩ ቁጥር ምጥጥ የሚለው ድምፅ በድምፅ ማጉያው ወደ እኛ ይመጣል።

ሌሎቹ ሰሌዳዎች በጭብጨባ አለፉ። ዋርካው ሲደርስ ሐጂ ማይክራፎኑን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ምልክት የሚቆመው ለኩራት ነው። እንግዳ መጥቶ 'ረሃብ' የሚል ነሐስ ፎቶ ያንሳ? ወሎ ሲባል ስማችን በዓለም አንዴ ተነሥቷል። አሁን ደግሞ ዝናቡ ቀርቷል ይባላል። በገዛ ገንዘባችን፣ በገዛ እጃችን እንጻፈው?»

«አይጻፍ!» አሉ ወንዶቹ።

ናፊሳ ከመጋረጃው ወዲህ ተነሣች። ድምፅዋ ትንሽ ነው፤ ሁለቴ ከጠራቻቸው በኋላ ነው የሰሟት።

«ሐጂ፣ ረሃብ የሚለውን ያውጡት። እናቴን ይተዉልኝ። የሰፊዋ ዋርካ ብቻ ይበል፤ ስሙ ያው ነው።»

«ማናት?» አለ አንድ ሰው።

«የሰፊዋ ልጅ።»

«የትኛዋ ሰፊ? ባጥሐ ሙሉው ሰፊ አይደል እንዴ!»

ሳቅ ሆነ። ሐጂ አህመዲንም ሳቁ፤ ከዚያ እንደ አባት ድምፃቸውን አለሰለሱ።

«እህቴ ናፊሳ፣ አላህ እናትሽን ይማርልን። ግን አስቢው። አስጎብኚው 'ሰፊዋ ማን ናት?' ተብሎ ይጠየቃል። ከፈን ሰፊ ነበረች ይላል። 'ከፈኑ ለምን በዛ?' ይባላል። ኸላስ፣ ተመልሰን ረሃብ ውስጥ ገባን። ደሞ እውነቱን ከተናገርን፣ ከእናትሽ በፊት አያቴ ቃዲው እዚያ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲፈርዱ ኖረዋል። ዛፉ ሰፊ ነው። ሰፊ ዋርካ ነው።»

እዚህ ላይ ቆም አሉ። ፊታቸው በራ። በቀዳዳው አየሁት፤ የጥርስ እንጨታቸውን ከአፋቸው አውጥተው ወደ ላይ አቆሙት።

«ዳንኤል! ጻፍ!» አሉት ጸሐፊያቸውን። ዳንኤል ረጋ ያለ ኢንጂነር ነው። «'በሰፊዋ ዋርካ ሥር ቃዲ እንድሪስ በፍትሕ ሲፈርዱ ኖረዋል።' አያችሁ? ናፊሳ 'ፊ'ን አላልታ ታንብባት፤ የእናቷ ትሆናለች። እኛ አጥብቀን እናንብባት፤ ዛፉ ሰፋ ያለ ይሆናል። አንዲት ፊደል ሳትነካ ሁላችንም ታረቅን!»

ጭብጨባው ጠረጴዛውን አናወጠው። «ቅኔ ነው!» አለ አንዱ። «ወላሂ ቅኔ ነው፣ ሐጂ፣ የት ተደብቀው ነበር?» ሌላው አፉ ውስጥ ያለውን ሳይውጥ ይስቃል።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ይህን የመሰለ ቃል ሲገጥመን ክፍሉ በሙሉ በደስታ ይነሣ ነበር። ሁለት ትርጉም ያዘለ ቃል ከፈጣሪ የተሰጠን ስጦታ ይመስለን ነበር። እዚያ ፎቅ ላይ ግን በቅባት እጅ የተነካ ነጭ ልብስ አየሁ ልበል። ዳንኤል ከመጋረጃው ወዲያ ሆኖ «እህታችን፣ አማርኛው እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ሁለቱንም ይላል» አልኩ። ሌላ ነገር ማለት ነበረብኝ።

ናፊሳ ገና አልተቀመጠችም ነበር።

«ሐጂ፣ እናቴ ተደብቃ አልሰፋችም» አለች። ማይክራፎን ስላልነበራት ከመጋረጃው ወዲያ የሰማት የለም። ወዲያው ወደ ሻይ ዞሩ።

ወደ ፉጣ በእግር ተመለስን። ከገንዘብ መላኪያዎቹ ፊት የተሰለፈውን ሰው እየሰነጠቅን አልፈን፣ መሽገሉ በር ስንደርስ ቁልፉን በእጇ ይዛ ቆመች።

«አንቺ ልጅ» አለችኝ፣ «ሁለቱንም የሚል ነገር እኮ አንዱንም አይልም።»

ሰሌዳዎቹን የሚቀርጸው ኑረዲን የአገራችን ልጅ ነው፤ ሰናኢያ ውስጥ በብረት ፋብሪካ ይሠራል። ናፊሳ ስልክ ደወለችለት። ድምፁን አጉልታ ስለነበር እኔም ሰማሁ። ከኋላው ብረት ይጮኻል።

«ኑሬ፣ ወንድሜ፣ 'ሰፊዋ'ን እንድትላላ አድርገህ ጻፍልኝ።»

«እንዴት አድርጌ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ አንተ አይደለህ ባለሙያው!»

«ናፊሳ፣ በአላህ፣ እኔ ፊደል ነው የምቆርጠው፣ ድምፅ አልቆርጥም። ምልክት ከላይዋ ላድርግባት?»

«ምልክቱን ማን ያነበዋል?»

«ማንም።»

«ተወው እንግዲያ።»

ከጥቂት ቀን በኋላ ሐጂ አህመዲን አረንጓዴ ከፋይ ጨርቅ ላኩላት። በምረቃው ቀን ሰሌዳዎቹ የሚሸፈኑበት ነው። የላኩት መልእክት በስልክ ተቀድቶ ነበርና ደጋግመን ሰማነው። «እህቴ ናፊሳ፣ የእናትሽ ሙያ ስለሆነ ለሌላ አልሰጥም ብያለሁ። ለአላህ ብለሽ ስፊልን። ወርቃማ ዘርፍ ይኑረው።» ለእናቷ ስም ቦታ አልነበረም፤ ለእናቷ ሙያ ግን ሥራ ተገኘ። እኔን እንደ ጠንቋይ ቤት ሽታ ቀፈፈኝ። ናፊሳ ግን «እሺ፣ ሐጂ» ብላ መለሰች። በማኅበሩ ሴቶች ዘንድ «ተዋጠላት፣ ተመስገን» ተባለ።

ኑረዲን ሰሌዳዎቹን አምጥቶ በመሽገሉ በር አስረከበን። እያንዳንዱን እንደ ትራስ ሸፈነችው፣ ገመዱ ሲሳብ ከፋዩ እንዲወርድ አድርጋ። ዘርፉንም አልቀነሰችም። የዋርካውን ሰሌዳ ወደ መጨረሻ አቆየችው።

ለሶላት በሩ በተዘጋበት አንድ ከሰዓት ቁጭ ብዬ ስጠብቃት፣ ከማሽኗ ሥር የታጠበ የሩዝ ጆንያ አወጣች። የሕንድ ሩዝ የሚመጣበት፣ የዝሆን ሥዕል ያለበት የቃጫ ጆንያ ነው። ከዚያው ከስብሰባው ምግብ ቤት ወጥ ቤት ለምና ያመጣችው ነበር። ዝሆኑ በሳሙና ተፍቆ ደብዝዟል። ስፌቱን ፈታችው፤ ጥፍሯን በስፌቱ ውስጥ አስኬደች፤ ከንፈሯን ነካች። ከዚያ በእጇ፣ በጆንያ መርፌ፣ ሰሌዳውን ጠቅልላ መስፋት ጀመረች። ማሽኗን አልነካችም።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ገበር ነው።»

«ከፋዩስ?»

«ከላይ ይሆናል። ለሐጂ።»

ስትጨርስ ሁልጊዜ እንደምታደርገው ክሩን በጥርሷ ልትቆርጥ ወደ አፏ ወሰደችው። ቆመች። ጣት የሚያህለውን ተንጠልጥሎ እንዲቀር ተወችው፤ ከላዩ አረንጓዴውን ከፋይ አለበሰችው። ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም።

ምረቃው በ2008 ጥር ሆነ። ሐጂ አህመዲን ራሳቸው ወደ አገር ቤት ሄዱ። የተቀረጸው ቪዲዮ ሪያድ በገባ ቀን፣ በሩ ለዐስር ሶላት ሲዘጋ፣ ሴቶቹ የናፊሳን ስልክ ከበብን። ፀጉሯ በቀለም የተለበጠ አንዲት ደንበኛ ሳትቀር መጣች።

መጀመሪያ ያየነው ያው የሚያስጠላው ነገር ነው። ድንኳን፣ ባንዲራ፣ የፕላስቲክ አበባ። የወረዳው ሹም ንግግር፤ የሐጂ አህመዲን ንግግር፤ እንደገና የሹሙ። ከኋላቸው ሐይቁ ጸጥ ብሎ ያበራል፤ ከፊት ለፊት ያለው ማሳ ግን ነጭ ሆኖ ተሰነጣጥቋል። የካሜራው ሰው ማሳው እንዳይታይበት ሲሸሽ ያስታውቃል፤ ዞር ባለ ቁጥር ቶሎ ወደ ሐይቁ ይመለሳል። ከድንኳኑ ውጭ የቆሙት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የታሸገ ውኃ አልደረሳቸውም።

ዋርካው ጋ ደረሱ። ሹሙ ገመዱን ሳበ። ከፋዩ ወረደ።

ጆንያ ነው።

ሹሙ ጆንያውን ያዝ አደረገና ሳቀ። «ማሸጊያው ነው መሰለኝ» አለ፤ «ከካርጎው ሳይነሣ...» በጥፍሩ ሊቀደው ሞከረ። የሐጂ አህመዲን ፊት በካሜራው ጥግ ላይ አመድ መስሎ ይታያል። ያኔ ከሽማግሌዎቹ መሐል አንድ ዓይናቸው የፈዘዘ አዛውንት በከዘራ እየተመሩ ወጡ። ናፊሳ «ሼህ ሙሄ ናቸው፣ ያኔ ሙታኑን የሚቀብሩት» አለች፤ እጇ ጉልበቴን ያዘ።

ሼህ ሙሄ ጆንያውን በመዳፋቸው ዳሰሱ። ስፌቱን ከላይ እስከ ታች ተከተሉ። ከታች ተንጠልጥሎ የቀረውን ክር ሲያገኙት በሁለት ጣታቸው ይዘው ቆሙ።

«አልተቆረጠም» አሉ። ማይክራፎን ቅርብ ስለነበር በደንብ ተሰማ። «ይሄ የዘሀራ እጅ ነው።»

ከዚያ አንዲት አሮጊት ከኋላ መጥታ ጆንያውን ነካች። «እናቴን» አለች። ሌላዋ መጣች፤ «ሁለቱን ልጆቼን።» አንድ ነጠላ የለበሱ ሰው ቀረቡና ግንባራቸውን አስነክተው «አጎቴን፣ ቄሱን» አሉ። ንግግር አልነበረም። እየመጡ ነክተው ማንን እንደሆነ ይናገራሉ፣ ይመለሳሉ። የካሜራው ሰው እንኳ ሐይቁን ረሳው።

ሼህ ሙሄ ራሳቸው ስፌቱን ፈትተው ነሐሱን ገለጡት። ሹሙ ነገሩ እንዳይበላሽበት ቶሎ ብሎ ማንበብ ጀመረ። «በሰፊዋ ዋርካ ሥር...» 'ፊ'ን አጥብቆ፣ ጠብቆ እንዲሰማለት ጮኽ አድርጎ።

«ያላሉት፣ ጌታው» አሉ ሼህ ሙሄ።

«ምን አሉኝ አባት?»

«'ፊ'ን ያላሉት። ይላላል። ዛፉ አይደለም፣ ሴትዮዋ ናት።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ አሮጊቶቹ እያለቀሱ ሳቁ። ሹሙ ላቡን ጠርጎ አላልቶ ደገመው። እልልታው ስልኩን አንቀጠቀጠው። በመሽገሉ ውስጥ ፊሊፒናዊቷ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ታለቅሳለች። ባለቀለሟ ደንበኛ ቀለሙን በአንሶላችን ላይ አንጠባጠበችው፤ የተቆጣት የለም።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ቪዲዮው ግን ቀጠለ። ሐጂ አህመዲን ማይክራፎኑን ከሹሙ እጅ ወሰዱ። አመዱ ከፊታቸው ጠፍቷል።

«ይህ የማኅበራችን ሐሳብ ነው!» አሉ። «ይህን ጆንያ ከሪያድ ድረስ ያመጣነው አባቶቻችንን ልናስታውስ ነው! ታሪካችንን አንደብቅም!» ጭብጨባ ሆነ። ጆንያውን ከሼህ ሙሄ እጅ ወስደው ደረታቸው ላይ ዘርግተው ፎቶ ተነሡ። ያ ፎቶ እስከ ዛሬ የፌስቡክ ገጻቸው ላይ አለ። የተንጠለጠለው ክር ከጉልበታቸው በላይ ይታያል፤ ከሥሩ ሰው ሁሉ «ማሻአላህ፣ ባለ ራእይ» ብሎ ጽፏል። የቃዲው የልጅ ልጅ መስከረም ላይ ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ ከሰሌዳው የሰረዙትን ስም፣ ጥር ላይ እንደ ሜዳሊያ አጠለቁት። ያን ፎቶ ባየሁ ቁጥር እጄን መታጠብ ያምረኛል።

ናፊሳን ቀና ብዬ አየኋት። ያለቀሰች ወይም የተቆጣች መስሎኝ ነበር። ጭኗ ላይ ያለውን አባያ አንሥታ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው፤ ቁራጩን ወደ ጎን እትፍ አለችው።

«ይውሰደው» አለች። ሐጂን 'አንተ' ስትል የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው። «ሩዙን በልቶታል፤ ጆንያውም ያው የእሱ ነው። እናቴ ግን ላልታለች።»

ስለ እሷ ልጻፍ ስላት እሺ ያለችኝ ከዚያ በኋላ ነው። ስሟን አልቀይር አለች፤ የእናቷንም። «ሰው ሲያነበው አላልቶ እንዲያነበው ንገሪልኝ» አለች። ሁሉንም ከነገረችኝ በኋላ አንድ ነገር ነገረችኝና ወዲያው እጇን አፌ ላይ አደረገች።

«ይሄን አትጻፊው።»

«እሺ፣ እትዬ ናፊሳ።»

የያዘችውን ልብስ ገልብጣ፣ ጥፍሯን አስኬዳ፣ ከንፈሯን ነክታ፣ ማሽኗን ሳታስነሳ ቆየች።

«ከጻፍሽውም መጨረሻ ላይ አድርጊው» አለች። «ሐጂ አህመዲን እስከ መጨረሻ አያነቡም።»

እንዲህ ነበር ያለችኝ። እናቷ ዘሀራ ጆንያውን ለከፈን ስትፈታ፣ በስፌቱ ውስጥ ተቀርቅሮ የቀረ ስንዴ ይገኝ ነበር፤ በአንዱ ጥቂት፣ በአንዱ ምንም። ያን በጥፍሯ እየለቀመች የምታወጣው ሕፃኗ ናፊሳ ናት። በእድሜ እኩያዋ የሆነች ሙሉ የምትባል የጎረቤት ልጅ አጠገቧ፣ ዋርካው ሥር ተቀምጣ ታያታለች። ዘሀራ ቀና ሳትል፣ መርፌዋን ሳታቆም፣ ለልጇ በቀስታ «ፊትሽን ወደ ግንዱ አዙሪ፤ አፍሽን ገጥመሽ አኝኪ» ትላታለች። ናፊሳ ፊቷን ወደ ግንዱ አዙራ አኘከች። ሙሉ ስትሞት የተሰፋላትን ጆንያ ስፌት በጥፍሯ ያጸዳችው ናፊሳ ናት።